ሳይጫወት የሚፈረድበት፦ የፊላደልፊያ ደጋፊዎችና የድራፍት ታሪክ

በኤፕሪል 1999 ሰላሳ ያህል ሰዎች ከፊላደልፊያ ተነስተው ኒው ዮርክ ገቡ። የላካቸው የከተማቸው የስፖርት ራዲዮ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድናቸው ፊላደልፊያ ኢግልስ ባለፈው የውድድር ዘመን ከ16 ግጥሚያ 13ቱን ተሸንፎ ከሊጉ ግርጌ ተቀምጧል፤ በዚህም የተነሳ ከዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት አዳዲስ ተጫዋቾች በሁለተኛ ተራ የመምረጥ መብት አግኝቷል። ደጋፊው የሚፈልገውን ያውቃል፦ ሪኪ ዊልያምስን። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ሯጭ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ ገና መውሰዱ ነበር። ራዲዮው ስለ እሱ ሲያወራ ከርሟል። የከተማዋ ከንቲባ ኤድ ሬንዴል ሳይቀሩ ሪኪ ይምጣልን ከሚሉት ወገን ሆነዋል።

መድረኩ ላይ የተጠራው ስም ግን ዶኖቫን ማክናብ ሆነ። የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች ነው። የ22 ዓመቱ ወጣት በሕይወቱ ትልቁ ቀን የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ ብቅ ሲል ሰላሳዎቹ የተቃውሞ ጩኸታቸውን ለቀቁበት። ቴሌቪዥኑ ለአገር ሁሉ አሳየው። ልጁ ለኢግልስ አንድ ኳስ እንኳ አልወረወረም።

ማክናብ ፊላደልፊያ ውስጥ 11 ዓመት ተጫወተ። ቡድኑን አምስት ጊዜ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ አበቃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሱፐር ቦውል። በ2013 ክለቡ 5 ቁጥር መለያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ብሎ ሰቀለለት። ዊልያምስን የወሰደው ኒው ኦርሊንስ ነበር፤ አሰልጣኙ ማይክ ዲትካ እሱን ለማግኘት ሲሉ የዚያን ዓመት የቡድኑን ምርጫዎች በሙሉ፣ ከሚቀጥለውም ዓመት ጨምረው አሳልፈው ሰጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እንዲህ ነው። እውነቱን ለመናገር ዊልያምስ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ በ2002 ማያሚ ሄዶ ከሊጉ ሯጮች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። ለአንድ ሰው የተከፈለው ዋጋ ግን ቡድን የሚያፈርስ ነበር።

ይህ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ይነሳል፤ የሚነሳውም በፊላደልፊያ ደጋፊ ለመሳለቅ ነው። ነገሩን እዚያ ላይ ማቆም ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያው ቀን ከማክናብ በፊት አንደኛ ሆኖ ለክሊቭላንድ የተመረጠው ቲም ካውች ከ2003 በኋላ በሊጉ አልተሰለፈም። ከማክናብ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ ሲንሲናቲ የገባው አኪሊ ስሚዝም ከዚያ አልተሻለም። ሁለቱም ኳርተርባኮች ነበሩ። ሁለቱንም የመረጧቸው ራዲዮ ላይ የሚደውሉ ሰዎች ሳይሆኑ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የወጣቶቹን ቪዲዮ ለወራት ሲመረምሩ የከረሙ ባለሙያዎች ናቸው። ሰላሳዎቹ ተሳሳቱ እንበል፤ የተሳሳቱት ግን ከባለሙያው እኩል ነው።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ደጋፊው ያን ቀን የፈረደው በማን ላይ ነበር? ማክናብን አያውቀውም። የሚያውቀው 13 ሽንፈትን ነው። የሚያውቀው ከ1960 ወዲህ ሻምፒዮን ሆኖ የማያውቅ ክለብን፣ ቃል እየገቡ የሚያጥፉ አለቆችን ነው። ጩኸቱ ለነሱ ነበር፤ ያረፈው በልጁ ላይ ነው። የድራፍት ቀን ፍርድ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ስለሚመጣው ሰው የተባለ ይመስላል፣ የሚናገረው ግን ስላለፈው ቁስል ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ድራፍት ሲባል እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚታየው ብርጭቆው ነው። የአሜሪካኖቹ ድራፍት ግን ዕጣ ፈንታ የሚወሰንበት ገበያ ነው። እኛ በለመድነው የአውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ በዝውውር መስኮቱ የፈለገውን ይገዛል፤ ተጫዋቹም ወዴት እንደሚሄድ አፍ አለው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ወጣት የሚጫወትበትን ከተማ አይመርጥም። ክለቦቹ በተራ ይመርጡታል፣ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ የወጣው ቀድሞ፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ። የመረጠው ክለብ ብቻ ያናግረዋል። ለ32 ክለቦች ሰባት ዙር ይካሄዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለየክለቡ እንደ ተማሪ ውጤት ይሰጣል፤ ለዚህኛው «ኤ»፣ ለዚያኛው «ዲ»። ፈተናው የሚጀመረው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ሥርዓቱ የተወለደው እዚያው ፊላደልፊያ ነው። በ1933 የሀብታም ቤተሰብ ልጅ የሆነው በርት ቤል ከሸሪኩ ጋር በ2,500 ዶላር ኢግልስን አቋቋመ። ቡድኑ ገና ከጅምሩ ተሸናፊ ነበር። ዋንጫውን የሚፈራረቁበት ቺካጎ፣ ኒው ዮርክና ግሪን ቤይን የመሳሰሉት ናቸው፤ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ወደነሱ ይሄዳል። ቤል በ1935 ስታን ኮስትካ የተባለ የሚኒሶታ ተጫዋች ለማስፈረም ገንዘብ ቢያቀርብም ልጁ ብሩክሊንን መረጠ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቤል ለክለብ ባለቤቶች አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ልጆቹን እንከፋፈላቸው፣ ደካማው ይቅደም። ተስማሙ።

ብዙ ጊዜ ይህ ውሳኔ የመተሳሰብ ምሳሌ ተደርጎ ይነገራል። ጠንካሮቹ ለደካማው ራሩ ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሒሳብ ነው፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ክለብ ከተጫረተ ዋጋው ይወጣል፤ አንድ ብቻ ካናገረው ግን የተሰጠውን ይቀበላል። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ይህ ለባለቤቶቹ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ድራፍት በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1936 በፊላደልፊያው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተካሄደ። ሆቴሉ የቤል ቤተሰብ ነው። 90 ስም ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ ዘጠኝ ክለቦች በዘጠኝ ዙር 81ዱን ወሰዱ። የሚያጨበጭብም የሚጮኽም ደጋፊ አልነበረም። ቤል የመጨረሻ ስለነበር አንደኛ መረጠ፤ የመረጠው ጄይ በርዋንገርን ነው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ፣ ኋላ ሃይዝማን የተባለው ዋንጫ የመጀመሪያ ተሸላሚ። በርዋንገር ግን የጠየቀውን ገንዘብ ማንም ሊከፍለው ስላልቻለ በሊጉ አንድ ቀንም አልተጫወተም። ቤል መብቱን ለቺካጎ ቤርስ አሳለፈ፣ እነሱም አልተስማሙለትም፤ ሰውዬው የስፖንጅ ጎማ ንግድ ውስጥ ገብቶ ኖረ። የድራፍት ታሪክ አንደኛ ተመራጭ ያልተጫወተ ሰው ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ የኢግልስ ምርጫ በማግስቱ «ኤ» ያገኝ ነበር።

ቤልም ቢሆን በፈጠረው መድኃኒት ቶሎ አልዳነም። በዚያው ዓመት ኢግልስ ከ12 ግጥሚያ 11ዱን ተሸነፈ። በ1937ም አንደኛ መረጠ፤ የመረጠውን ሳም ፍራንሲስን ማስፈረም ስላቃተው እሱንም ለቺካጎ ሰጠው። ክለቡ የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን ያገኘው በ1948 ነው። ቤል በዚያን ጊዜ ኢግልስን ለቆ የሊጉ ኮሚሽነር ሆኗል። በ1959 በፊላደልፊያ ስታዲየም ኢግልስ ሲጫወት እያየ እዚያው ታሞ አረፈ።

ከዚያ ሆቴል የሚነሳ ሌላ ክርም አለ። የኒው ዮርክ ጃያንትስ ባለቤት ልጅ ዌሊንግተን ማራ ገና ተማሪ ሳለ ከየክፍለ ሀገሩ ጋዜጣ እያስመጣ የተጫዋቾችን ስም በደብተር ይመዘግብ ነበር። በ1936ቱ ድራፍት ሌሎቹ ዝነኛውን ሲሻሙ ማራ ብዙም ስም ያልነበረውን ቱፊ ሊማንስን በሁለተኛው ዙር አስመረጠ። ሊማንስ ኋላ በዝነኞች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድራፍትን ያሸነፈው ሌላው ያላየውን ያየ ሰው ነው።

ያልታየውስ ለምን አልታየም? መልሱ ሁልጊዜ ንጹህ አይደለም። ከ1934 እስከ 1945 በሊጉ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት 90 ስሞች የሚጎድለውን አንባቢ ይገምተው። ድራፍት ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ተመራጭ ጆርጅ ታሊያፌሮ ሲሆን ጊዜው 1949፣ ዙሩም 13ኛው ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ጥቁሮች የሚማሩባቸውን የደቡብ ኮሌጆች ዞር ብሎ የሚያይ መልማይ ጥቂት ነበር። ከፊላደልፊያ በዚያው ክፍለ ግዛት ሌላ ጫፍ ላይ ያለችው ፒትስበርግ ይህን ቀድማ ነቃችበት። ቢል ናን የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ የፒትስበርግ ኩሪየር ጸሐፊ እነዚያን ኮሌጆች በእግሩ ያውቃቸዋል፤ በየዓመቱ ከነሱ የተውጣጣ ምርጥ ቡድን ያወጣ ነበር። ስቲለርስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደራሱ ወሰደው። በ1974ቱ ድራፍት ስቲለርስ ከመረጣቸው አራቱ፣ ስዋን፣ ላምበርት፣ ስቶልዎርዝና ዌብስተር፣ ለዝነኞች አዳራሽ በቅተዋል። ስቶልዎርዝ የመጣው ከአላባማ ኤ ኤንድ ኤም ነው። አምስተኛው ዶኒ ሼል ጭራሽ ማንም ሳይመርጠው ከሳውዝ ካሮላይና ስቴት መጥቶ በነጻ ፈረመ፤ እሱም አዳራሹ ገባ። ቡድኑ በስድስት ዓመት አራት ሱፐር ቦውል ወሰደ። ናን ራሱ በ2021፣ ከሞተ በኋላ፣ ያ ክብር ደረሰው።

ደጋፊው ወደዚህ ጉዳይ በዳኝነት የገባው በቴሌቪዥን በኩል ነው። በ1980 ጥቂት ወራት ብቻ ያስቆጠረው ኢኤስፒኤን ድራፍቱን በቀጥታ ላስተላልፍ ብሎ ሲጠይቅ ኮሚሽነሩ ፒት ሮዜል ስም ሲጠራ ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብለው ተጠራጥረው ነበር። በ2024 ዲትሮይት ላይ በሦስት ቀን ከ775 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። በመካከሉ አዲስ ሙያ ተፈጠረ፤ የትኛው ክለብ ማንን እንደሚወስድ አስቀድሞ መተንበይና በማግስቱ ውጤት መስጠት። የዚህ ሙያ አባት ሜል ካይፐር በ1994 ኢንዲያናፖሊስ ኳርተርባክ ባለመውሰዱ በአየር ላይ ሲያብጠለጥለው የክለቡ ኃላፊ ቢል ቶቢን ይሄ ሰውዬ ማን ሆኖ ነው ብለው በዚያው ጣቢያ አምባረቁበት። ማን ነበር ትክክል? ቶቢን የመረጡት ትሬቭ አልበርትስ በጉዳት ብዙም ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለ። በዚያው ቀን ቀደም ብለው የመረጡት ማርሻል ፎልክ ግን ከዘመኑ ታላላቅ ሯጮች አንዱ ሆነ። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አላጣም።

ኢኮኖሚስቶችም ገብተውበታል። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴይለርና ባልደረባው ኬድ ማሲ የብዙ ዓመታት ድራፍት አጥንተው በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ክለብ የመረጠው ተጫዋች በዚያው የጨዋታ ቦታ ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ 52 ከመቶ ገደማ መሆኑን አሳዩ። ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አይሻልም። ክለቦቹ ግን የማያውቁትን እንደሚያውቁ ስለሚተማመኑ ከፊት ላለው ተራ ከሚገባው በላይ ይከፍላሉ። ዲትካን ያስታውሷል።

የውድድር እረፍት ወራትስ? እዚያም ፊላደልፊያ የቤቷን ታሪክ ሰጥታለች። ኮንትራቱን የጨረሰ ተጫዋች እንኳ በነጻነት መሄድ የማይችልበት ዘመን ነበር። ድራፍት ራሱ በ1976 በፌደራል ዳኛ ፊት የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል ተብሎ ተፈርዶበታል፤ ከሳሹ በመጀመሪያ ዓመቱ አንገቱ ተጎድቶ የቀረ የዋሽንግተን ተጫዋች ነው። ሥርዓቱን ያተረፈው በ1977 የተጫዋቾች ማኅበር በኅብረት ስምምነት መቀበሉ ነበር። ኮንትራት የጨረሱት ግን ነጻነታቸውን እስኪያገኙ ሌላ 16 ዓመት ጠበቁ። በ1993 በሩ ሲከፈት ክሱ ላይ ስሙ የተጻፈው የኢግልስ አውራ ተከላካይ ሬጂ ዋይት ነው። ከሄዱትም መካከል ትልቁ ስም እሱ ነበር፤ በአራት ዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ለግሪን ቤይ ፈረመ። ፊላደልፊያ አለቀሰች፤ ዋይት ግን በ1997 መጀመሪያ ሱፐር ቦውሉን እዚያ አገኘ። ለደጋፊው ክህደት የመሰለው ለተጫዋቹ መብት ነበር።

በ2011 ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ። ኢግልስ በአንድ ክረምት የሊጉን ውድ ተጫዋቾች ሰብስቦ ናምዲ አሶሙጋን ጨምሮ አስፈረመ፤ ከአዲሶቹ አንዱ ቡድኑን የሕልም ቡድን ብሎ ሰየመው። ከተማው ጮቤ ረገጠ። ውጤት ሰጪዎቹም አልቆጠቡም። ቡድኑ ስምንት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ድራፍት በመጀመሪያው ዙር የተወሰደው የ26 ዓመቱ የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ዳኒ ዋትኪንስ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላ አይረባም ተብሎ ሲነሳ፣ በስድስተኛው ዙር 191ኛ ሆኖ ማንም ሳያየው የገባው ጄሰን ኬልሲ ለ13 ዓመት የመስመሩ ምሰሶ ሆነ። የዚያ ሁሉ ግርግር እውነተኛ ትርፍ እሱ ነው።

ደጋፊ ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት ግን አይደለም። በ2020 ኢግልስ 21ኛ ላይ ኳስ ተቀባዩን ጄለን ሬገርን ወሰደ። ከተማው ጀስቲን ጄፈርሰን እያለ አፉን ያዘ። ጄፈርሰን በቀጣዩ ተራ ለሚኒሶታ ሄዶ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,400 ያርድ ሰበሰበ፤ ሬገር የውኃ ሽታ ሆነ። ይህን ቡና ቤት የተቀመጠ ሰው ከቢሮው ቀድሞ አይቶታል።

በማግስቱ ግን ያው ቢሮ በሁለተኛው ዙር 53ኛ ላይ ጄለን ኸርትስን ሲጠራ ቁጣው ከሬገሩም ባሰ። ክለቡ ገና ባለፈው ዓመት ለኳርተርባኩ ካርሰን ዌንትዝ በ128 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አራዝሟል፤ ሌላ ኳርተርባክ ለምኑ? ኸርትስ ራሱ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በብሔራዊ ፍጻሜው እረፍት ላይ ከሜዳ የተቀየረ፣ ወርውሮ አያውቅም የሚባል ልጅ ነበር። ቡድኑ በዚያ ዓመት አራት ብቻ አሸነፈ፣ ዌንትዝ ተሸጠ፣ የሥራ አስኪያጁ የሃዊ ሮዝማን ይባረር ጥያቄ የየቀኑ ወሬ ሆነ። ይህም ፍርድ እንደ 1999ኙ ነው፤ ኸርትስ ላይ የተነገረው ሁሉ ስለ ዌንትዝ ገንዘብ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2023 ኸርትስ ቡድኑን ሱፐር ቦውል አደረሰ፤ ሁለቱም ኳርተርባኮች ጥቁሮች የሆኑበት የመጀመሪያው ፍጻሜ ነበር፤ በሦስት ነጥብ ተሸነፈ። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ያንኑ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። በግራ በኩል ሲከልለው የነበረው ጆርዳን ማይላታ ከሲድኒ የመጣ የራግቢ ተጫዋች ነው፤ በ2018 በሰባተኛው ዙር 233ኛ ሆኖ ሲመረጥ ይህን ጨዋታ ከዚያ በፊት ተጫውቶ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ሻምፒዮኑ ኢግልስ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ተራው ሲደርስ አንድ ቦታ ቀደም ብሎ ጂሃድ ካምቤልን ወሰደ፤ ከፊላደልፊያ ወንዝ ማዶ ኒው ጀርሲ ያደገ፣ ትከሻውን ተቀዶ ሕክምና የተደረገለት የአላባማ ተጫዋች። ቦታው ግሪን ቤይ ነበር። ልጁ ከመድረክ ሳይወርድ ፊላደልፊያ ውስጥ ስለ ትከሻው ክርክር ተጀምሯል።